የእማዬ ስልክ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉዳዬ ከሌላው ሰው ጭንቀት አንጻር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። የምኖረው ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ሥራዬ ቤት ሆኜ ተማሪዎችን በኢንተርኔት ማስጠናት ነው። ኢንተርኔታችንም መደበኛ ስልካችንም የሚመጡት በአንድ መስመር፣ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ነው። ውሉ ዛሬም ባረፈው አባታችን ስም ነው። ማታ ማታ፣ ተማሪዎቼ በሚበዙበት ሰዓት፣ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፤ ምስሌ ይደርቃል፣ ድምፄ ይቆራረጣል። በዚህ የተነሳ ልጆቻቸውን ወደ ሌላ አስጠኚ የወሰዱብኝ ወላጆች አሉ። ለኩባንያው ስደውል «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘሁም።

በቅርቡ አንድ አነስተኛ ኩባንያ ወደ ሰፈራችን ፋይበር አስገብቷል። ክፍያው አሁን ከምንከፍለው ያነሰ ነው፤ መደበኛ ስልክ ግን የለውም። ወንድሜ «ዛሬውኑ እንቀይር፤ በዚህ ዘመን የቤት ስልክ ማን ይጠቀማል?» ይላል። እማዬ ደግሞ አሻፈረኝ ብላለች። 76 ዓመቷ ነው። ዓይኗ ደክሟል፤ የሞባይል ስክሪን ሲነኩት የት እንደሚሄድ አይታወቅም ትላለች። እህቷ ከውጭ አገር የምትደውልላት በዚያ ቁጥር ነው፣ የድሮ ጓደኞቿም ሌላ ቁጥር አያውቁም። ባለፈው ወንድሜ ነገሩን ሲያነሳ «ይህን ስልክ ስትቆርጡ እኔንም ከሰው ቆረጣችሁኝ ማለት ነው» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔም ያ ትንሽ ኩባንያ ነገ ቢዘጋ ምን ይውጠናል እያልኩ እሰጋለሁ። ወንድሜ «ፈሪ ነሽ» ይለኛል፤ እማዬ «ከእሱ ጋር አበርሽብኝ» ትለኛለች። ምን ላድርግ? ለነገሩ እማዬ ብትወድቅ ተጭና እርዳታ የምትጠራበት፣ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው መሣሪያም አላት፤ እሱም የሚሠራው በዚሁ ስልክ ይመስለኛል።

ከእናቴና ከወንድሜ መሐል የቆምኩት

መልስ

ውድ እህቴ፣ ጉዳይሽ ትንሽ አይደለም። በአንድ በኩል መተዳደሪያሽ፣ በሌላ በኩል የእናትሽ ደኅንነትና ከሚወዷቸው ሰዎች ጋር ያላቸው ግንኙነት አለ። እዚህ መሐል ቆሞ ማመንታት ፍርሃት አይባልም።

ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። «ለነገሩ» ብለሽ ያለፍሽው የእናትሽ መሣሪያ ከሁሉም በፊት መልስ ያስፈልገዋል። ቁልፉ ሲጫን ቤት ውስጥ ያለው ሳጥን በስልኩ መስመር ወደ እርዳታ ማዕከሉ ይደውልና ማን እንደጠራ በድምፅ ምልክት ያሳውቃል። ከቆዩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለመዳብ መስመር፣ ማለትም ለድሮው የስልክ ሽቦ ነው። ስልክ በኢንተርኔት ሲሄድ ድምፁ ተቆራርጦ ተልኮ እንደገና ይገጣጠማል። በመሐሉ የምትጠፋ ቁራጭ ለሰው ጆሮ ላትታወቅ ትችላለች፤ መሣሪያው ግን ምልክቱን ሊስት ይችላል። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። የሚታወቀው ሲጠየቅና ሲሞከር ብቻ ስለሆነ፣ መሣሪያውን ለሰጣችሁ ድርጅት ደውለሽ ሞዴሉን ንገሪና በኢንተርኔት ስልክ ይሠራ እንደሆነ፣ ካልሠራም በሞባይል ሲም የሚሠራ ምትክ እንዳላቸው ጠይቂ። ይህ ሳይታወቅ ማንም መስመሩን እንዳይነካ። ወንድምሽም ይህን ሲሰማ የሚከራከር አይመስለኝም፤ ሳያስበው ቀርቶ ይሆናል እንጂ የእናቱ መውደቅ ሳያሳስበው ቀርቶ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ቤታችሁ ውስጥ ክርክሩ የከረረው ሁለት ጥያቄዎች እንደ አንድ ስለቀረቡ ይመስለኛል። አንዱ «ኢንተርኔቱን ከማን እንግዛ?» የሚል ነው። ሌላው «የእማዬ ቁጥር ምን ይሁን?» የሚል ነው። እስካሁን አብረው የኖሩት ሽቦውም ሒሳቡም አንድ ስለነበረ ብቻ ነው። ወንድምሽ ስለ መጀመሪያው ሲናገር እናትሽ የሚሰሙት የሁለተኛውን ፍርድ ነው። ጥያቄዎቹ ከተለያዩ ሁለቱም ልክ የሆኑበት ነገር አለ።

ከኢንተርኔቱ ልነሳ። ማታ ማታ የሚንቀራፈፈው በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከቤታችሁ ውጭ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ሰው ስለሚጠቀም የኩባንያው መስመር ይጨናነቃል። ሌላው እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ የጎረቤቱ ዋይፋይ ሁሉ በዚያ ሰዓት ስለሚሠራ፣ በተለይ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ ላይ እርስ በርስ ይረባበሻል። ይህኛው ከሆነ ኩባንያ ብትቀይሪም ችግሩ ይከተልሻል። መለየቱ አይከብድም፦ ላፕቶፕሽን በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኚና ጠዋትም፣ ማታ በምታስጠኚበት ሰዓትም ፍጥነቱን ለኪ። ቤት ውስጥ ሌላ ማንም ሳይጠቀም፣ በኬብልም እያለ ማታ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ግን ራውተሩን ወደምትሠሪበት ክፍል ማቅረብ ወይም ወደ 5 ጊጋኸርዝ መቀየር ብቻውን ሊበቃሽ ይችላል።

ስትለኪ የዳውንሎዱን ቁጥር ብቻ አትዪ። ያንቺ ምስልና ድምፅ ወደ ተማሪዎቹ የሚሄደው በአፕሎድ ነው፤ በመዳብ በሚመጣ ኢንተርኔት ደግሞ አፕሎዱ ከዳውንሎዱ በጣም ያንሳል። እዚያው ቤት ያለ አንድ ስልክ ፎቶዎቹን ወደ ክላውድ ሲጭን ብቻ ያንቺ ትምህርት ሊቆራረጥ ይችላል። ወንድምሽ ማታ ቤት ሲሆን ይብስ እንደሆነ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ?

የመዳብ ኢንተርኔት ከስልክ ጣቢያው ወይም መንገድ ዳር ካለው የማከፋፈያ ሳጥን በራቀ ቁጥር ይደክማል። ፋይበር ብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር ስለሆነ በአንድ ሰፈር ርቀት ይህ ችግር የለበትም። ነገር ግን ፋይበሩ እስከ ቤታችሁ ግድግዳ ድረስ ይግባ አይግባ ጠይቂ፤ መንገድ ዳር ድረስ ብቻ ፋይበር ሆኖ ከዚያ ወዲያ መዳብ የሚሆነውም «ፋይበር» ተብሎ ይሸጣል። እስከ ቤት የሚገባ ከሆነና የኬብሉ ሙከራ ጥፋቱ የመስመሩ መሆኑን ካሳየሽ፣ እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን እቀይራለሁ።

የኩባንያው ትንሽነት በራሱ አያስፈራኝም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ደውለሽ የምታገኚው ስለ መስመርሽ በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው። ይልቅ መስመሩ የማን እንደሆነ እወቂ። አንዳንዱ ትንሽ ኩባንያ የራሱን ፋይበር ይዘረጋል፤ አንዳንዱ የሌላውን ተከራይቶ በራሱ ስም ይሸጣል። የተከራየ ከሆነ ብልሽት ሲመጣ ጠጋኙ የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ስለሆነ ጥበቃው ሊረዝም ይችላል። በሌላ በኩል ሻጩ ቢዘጋ መስመሩ ስለማይሞት ወደ ሌላ ሻጭ መዞር ይቀላል። የራሱ መስመር ከሆነ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ውሉ ስንት ጊዜ እንደሚያስር፣ ቀድመሽ ብትወጪ ምን እንደምትከፍዪ፣ ክፍያው ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ። በየወሩ የሚታደስ ውል ካላቸው ትንሽ ቢወደድም እሱን ምረጪ፤ «ቢዘጋስ?» ለሚለው ስጋትሽ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ሰፈራችሁ ውስጥ ቀድሞ ያስገባ ሰው ፈልገሽም ማታ እንዴት እንደሆነለት ጠይቂው። ከማስታወቂያው ይልቅ የእሱ ቃል ይበልጣል።

አንድ ሌላ ጥያቄ ጨምሪ፦ ለቤታችሁ የራሱ አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ይሰጠዋል ወይስ ከሌሎች ደንበኞች ጋር ይጋራል? ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት የድሮው ዓይነት አድራሻ ለዓለም በሙሉ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ ከዓለም አቀፉ ማዕከል የመጨረሻዎቹ ክምችቶች የተከፋፈሉት እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡ ትናንሽ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ አንድ አድራሻ ለብዙ ቤት ያካፍላሉ። ለማስጠናት ሥራሽ ምንም አይልሽም። ከውጭ ሆናችሁ የምታዩት የቤት ካሜራ ካለ ግን እንቢ ሊል ስለሚችል ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ኩባንያው ቢዘጋ የምታጪው ኢንተርኔት ነው፤ ሌላ እስክታስገቢ ጥቂት ጊዜ በሞባይል ዳታ ትሠሪያለሽ። ያበሳጫል እንጂ አይጎዳም። ከባድ የሚሆነው የእናትሽ ቁጥርም አብሮ እዚያው ከተቀመጠ ነው። ስለዚህ ኩባንያው መደበኛ ስልክ የለውም ብለሽ አትዘኚ። በኢንተርኔት ላይ የስልክ አገልግሎት ብቻ የሚሰጡ ሌሎች ድርጅቶች አሉ። ቁጥሩን ከእነሱ ዘንድ ብታስቀምጪው ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱን ከማንም ብትገዢ፣ ደግመሽ ብትቀይሪም፣ ቁጥሩ ከቦታው አይነቃነቅም። አንድ የስልክ ጥሪ የሚፈልገው በሰከንድ 100 ኪሎቢት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አንቺ በቪዲዮ እያስጠናሽ እናትሽ ከእህታቸው ጋር ቢያወሩ ፋይበሩ አይጨናነቅም። የለመዱት የስልክ እጀታም አይለወጥም፤ ከግድግዳው ተነቅሎ አዳፕተር በሚባል ትንሽ ሳጥን ላይ ይሰካል፣ አዳፕተሩ ከራውተሩ ጋር ይገናኛል። ቁልፎቹም የሚጮህበትም ድምፅ የነበሩት ናቸው።

መዳቡ ሲቀር የምታጡት ነገር ግን አለ፤ እናትሽም ይህን በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። የድሮው ስልክ መብራት ሲጠፋ የሚሠራው 48 ቮልት ገደማ ኃይል ከስልክ ጣቢያው ባትሪዎች በዚያው ሽቦ ስለሚያገኝ ነው። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። መብራት ሲጠፋ ፋይበሩን የሚቀበለው ሳጥን፣ ራውተሩና አዳፕተሩ አብረው ይጠፋሉ፣ ስልኩም ዝም ይላል። ሦስቱም የሚፈጁት ጥቂት ዋት ስለሆነ በአንድ አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ ላይ ብትሰኳቸው ሳይጠፉ ይቆያሉ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆያቸው መብራቱን ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁ እዩት። ባትሪው ሲያልቅም ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ የሆኑ ቀላል ሞባይል ቻርጅ ተደርጎ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ። የድንገተኛ አደጋ ጥሪም እንዲሁ ነው፦ የመዳብ ስልክ ቤቱ የት እንደሆነ መዝገብ ላይ አለ፤ የኢንተርኔት ስልክ ግን የሚታወቀው እናንተ ባስመዘገባችሁት አድራሻ ነውና ያንን ማስመዝገብ እንዳትረሺ።

መዳቡን ይዞ ለዘላለም መቆየትም አይቻል ይሆናል። ኔዘርላንድና ኢስቶኒያ የድሮውን የስልክ ሥርዓት ዘግተዋል፤ እንግሊዝም እስከ ጃንዋሪ 2027 ለመዝጋት ቀን ቆርጣለች፣ ሌሎችም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። ለውጡ እናትሽ የበለጠ ሲደክሙ በኩባንያው ደብዳቤ ከሚመጣባቸው፣ አሁን በእሳቸው ፍጥነት ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ቁጥሩን ለማዛወር ከወሰናችሁ ቅደም ተከተሉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለድሮው ኩባንያ ደውላችሁ «ቁረጡልን» እንዳትሉ። ቁጥሩ አንዴ ከተሰረዘ ማስመለሱ እጅግ ከባድ ነው። ቁጥሩን የሚጠይቀው የሚቀበለው ድርጅት ነው፤ ይህ የሚቻልበት ደንብ ከአገር አገር ስለሚለያይ «ይህን ቁጥር ይዤ መምጣት እችላለሁ?» ብለሽ ቁጥሩን ነግረሽ አስቀድመሽ ማረጋገጫ ተቀበዪ። ከዚያም በፊት ውሉን ከአባትሽ ስም ወደ እናትሽ ስም አዙሩ፤ ጠያቂውና መዝገቡ ላይ ያለው ስም ካልተመሳሰሉ ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ፋይበሩን አስገቢ፣ የድሮው መስመርም ጎን ለጎን ይቆይ። ለጥቂት ሳምንታት ሁለት ሒሳብ መክፈል ያስከፋል፤ ነገር ግን አዲሱ በሥራ ሰዓትሽ እንዴት እንደሚሆን የምታዪው በዚህ ነው። ቁጥሩ መጨረሻ ይዛወር፤ ሲዛወር የድሮው መስመር ከነኢንተርኔቱ ሊዘጋ ይችላልና። የአንገታቸው መሣሪያም በአዲሱ መስመር በኢንተርኔት የሚሠራ ከተባለ፣ ገና የድሮው ሳይዘጋ ተሰክቶ ቁልፉ ይጫንና ማዕከሉ ሲመልስ በጆሯችሁ ስሙ። ከዚህ ሌላ የድሮው ኩባንያ የሰጣችሁ ኢሜይል ካለ፣ ወይም ለባንክ ማረጋገጫ ያስመዘገባችሁት ይህንኑ የቤት ስልክ ከሆነ፣ ቀድማችሁ አስተካክሉ።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ። «እኔንም ከሰው ቆረጣችሁኝ» ያሉትን ደግመሽ አስቢው። ልጆቻቸው ስለ ሽቦና ስለ ክፍያ ሲነጋገሩ እሳቸው ያዩት ጥሪው የማይመጣበትን ቀን ነው። ዓይን ሲደክም በጣት የሚታወቅ ቁልፍና በቃል የተያዘ ቁጥር ትልቅ ነፃነት ነው፤ ልጅ ሳያስቸግሩ የፈለጉትን ሰው ማግኘት ማለት ነው። ከወንድምሽ ጋር ሳይሆን ብቻሽን አጠገባቸው ተቀመጪና ጠይቂያቸው። በዚያ ስልክ የሚደውሉላቸው እነማን ናቸው? ከእነዚህ መሐል ቁጥራቸው የትም ያልተጻፈ አለ? አስቀድሞ የሚያስፈራቸው መብራት ሲጠፋ ነው፣ አዲስ ነገር መማሩ ነው ወይስ ሳይጠየቁ መወሰኑ? በየወሩ ሒሳቡ ላይ የሚመጣው የአባትሽ ስምስ ለእሳቸው ምን ይሆን? ስሙ መዞር ያለበት ለምን እንደሆነ ከኩባንያው ሳይሆን ካንቺ ይስሙት። የምትሰሚውን ወዲያው ለመመለስ አትቸኩዪ።

ከዚያ ቃል ከመስጠት ይልቅ አሳያቸው። የኢንተርኔት ስልክ ድርጅቱ ለሙከራ ጊዜያዊ ቁጥር የሚሰጥ ከሆነ፣ የእሳቸውን እጀታ አዳፕተሩ ላይ ሰክተሽ አክስትሽ በዚያ ቁጥር እንድትደውልላቸው አድርጊ። ስልኩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጮሆ የእህታቸውን ድምፅ ሲሰሙ የሚሉትን ስሚ። ድምፁ ዘገየ ወይም ተቆራረጠ ካሉም እመኛቸው፤ ማስተካከያው የሚጀመረው ከዚያ ነው። ወንድምሽንም ከክርክሩ አውጥተሽ ሥራ ስጪው፤ ዩፒኤሱን መምረጥና መግጠም፣ የእናትሽን የስልክ ደብተር በትልልቅ ፊደል እንደገና መጻፍ የእሱ ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እናትሽ እንቢ ካሉስ? ወይም ቁጥሩ አይዛወርም ብትባዪስ? ያኔ ኢንተርኔቱን ብቻ ቀይሪና መዳቡን ለስልክ ብቻ አስቀሪው። የድሮው ኩባንያ ስልክን ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ፣ ኢንተርኔቱ ሲነሳም ቁጥሩ እንደማይነካ በጽሑፍ አረጋግጪ። ከአዲሱ ክፍያ የምታተርፉት ለዚህ ይዋል። ወንድምሽ ገንዘብ ማባከን ነው ሊል ይችላል፤ እኔ ግን አልስማማም። እናትሽ በራሳቸው ቁጥር፣ በለመዱት እጀታ መደወል እስከቻሉ ድረስ ያ ገንዘብ በቂ ምክንያት አለው። አንቺም ማታ ሳትቆራረጪ ታስጠኛለሽ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሳቸው ሊያነሱት ይችላሉ፤ ካላነሱትም መስመሩ ሊዘጋ ነው የሚል ማስታወቂያ እስኪመጣ ድረስ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የኬብሉ ሙከራ ምን እንዳሳየሽና እናትሽ ምን እንዳሉ ብትጽፊልን ደስ ይለናል።